ምዕራፍ ሰባት፦ ጎረቤት ያሳደገው ጡንቻ

ካዛንቺስ ቁርጥ ቤት ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ጎራ ቢል እወዳለሁ፤ ጾም ከሆነ ለመብላት ሳይሆን ለማየት። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሥጋ ቆራጭ ከተሰቀለው በሬ አጠገብ ቆሞ «ከየቱ ላድርግልህ?» ይላል። መልሱ ሙሉ የአካል ትምህርት ነው፦ ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ታላቅ፣ ታናሽ፣ ጭቅና፣ ወርች፣ ፍሪምባ፣ ሻኛ። የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ጡንቻን በስምና በጠባይ እንዲህ ለይቶ የሚያውቅ ሕዝብ ብዙ አይመስለኝም። ጭቅና ለምን እንደሚለሰልስ፣ ወርች ለምን ጅማት እንደሚበዛው ቆራጩን ጠይቁት። አንደኛው በሬው ሲራመድ እምብዛም የማይደክም፣ ሌላው ዕድሜ ልኩን ክብደት የተሸከመ ሥጋ መሆኑን ይነግራችኋል።

ከተቆረጠው ላይ አንዲት ቁራሽ አንሥቶ ክሯን ተከትሎ በጣቱ የሚሰነጥቃት ሰው ሥጋው በቀጫጭን ክሮች ሲለያይ ያያል። በዓይን የምናየው ክር ራሱ የብዙ ክሮች እሥር ነው። እሥሩ ተፈትቶ ተፈትቶ መጨረሻ ላይ የሚገኘው፣ ከፀጉር የማይወፍረው ክር፣ አንድ ሕዋስ ነው። አብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሳት ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም፤ ይህኛው ግን ብዙ ሴንቲሜትር ሊረዝም ይችላል። እንደ ሌሎቹም በአንድ ኒውክለስ አይተዳደርም። በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠሩ ኒውክለሶች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረውበታል።

ይህ የሆነው ክሩ ከአንድ ሕዋስ ስላልበቀለ ነው። በጽንሱ ውስጥ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ግድግዳ የነበራቸው ትናንሽ ሕዋሳት ተጠጋጉ፣ ተሰለፉ፣ ከዚያም ግድግዳቸውን አፍርሰው ተዋሐዱ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ስለ ተገመደ ድር ነው፤ የተገመደ ደግሞ ሲፈታ ተመልሶ ድር ነው። ጡንቻ ከዚያ ያልፋል። አንዴ ከተዋሐደ በኋላ የትኛው ክፍል የማን እንደነበር የሚለይ የለም፣ መመለሻም የለም።

መመለሻ የሌለው ነገር ደግሞ ያለ ጊዜው ቢደረግ ጥፋት ነው። ሕዋሳቱ ገና ጥቂት ሳሉ ቢዋሐዱ ጡንቻው ቀጭን ሆኖ ይቀራል፤ መባዛቱን ሳያቆሙ ቢቀሩም ጡንቻ የሚባል ነገር አይኖርም። ታዲያ መቼ መባዛት፣ መቼ ማቆም፣ መቼ መዋሐድ እንዳለባቸው ማን ነገራቸው? በሕዋሱ ውስጥ ያለው ዘረመል ብቻ ነው ብሎ የሚመልስ ብዙ ሰው አለ። እኔ የዚህን ዘርፍ ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚጎላብኝ ሌላው ግማሽ ነው፦ የነገሯቸው ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

ጎረቤት ሕዋስ የሚያመነጫቸው፣ በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፍፈው ሌላው ሕዋስ ቆዳ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር የሚገጥሙ ጥቃቅን ፕሮቲኖች አሉ። ተመራማሪዎቹ ግሮውዝ ፋክተር ይሏቸዋል። እኔ አሳዳጊ ፕሮቲኖች እላቸዋለሁ፤ ቃሉን የመረጥኩትም አስቤበት ነው። በአማርኛ አሳዳጊ የሚያበላ ብቻ አይደለም። የሚቆጣውም፣ «በቃህ» የሚለውም፣ ልጁን ከቤት አስወጥቶ ለሥራ የሚልከውም አሳዳጊ ነው። ቀጥሎ እንደምናየው ከእነዚህ ፕሮቲኖች ውስጥ የሚያበዙም፣ የሚከለክሉም፣ የሚጠሩም አሉ።

የመጀመሪያው አሳዳጊ ፕሮቲን የተገኘበት ታሪክ ካዛንቺስ ከሚለው ስም ጋር በአንድ ዘመን ይገናኛል። ካዛ በጣልያንኛ ቤት ነው። ኢንቺስ ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው የጣልያን ብሔራዊ ተቋም ስም ምሕጻር ነው። የፋሺስት ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ተቋሙ ለአገዛዙ ሠራተኞች እዚህ ቤት ሠራ። ጠላት ከአምስት ዓመት በኋላ ወጣ፤ ስሙ ግን ቀረ፣ አፋችን አለዘበውና የእኛ ሆነ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ የሳይንሱን መዝገብ ተከትለው በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ያ አገዛዝ ቤት በሚሠራበት ጊዜ የዘር ሕግም ይጽፍ ነበር። መጀመሪያ በእኛ ላይ ጻፈ። በሚያዝያ 1937 የወጣው አዋጅ በቅኝ ግዛቶቹ ከአገሬው ሰው ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረን ጣልያናዊ እስከ 5 ዓመት እሥራት ይቀጣ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1938፣ ያው መንፈስ በገዛ አገሩ አይሁዶች ላይ ተዘረጋ። ከዩኒቨርሲቲ ከተባረሩት መካከል አንዷ በቱሪን ከተማ ሕክምና ተምራ በ1936 የተመረቀችው ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ነበረች። ዕድሜዋ 29 ነበር።

ሪታ መኝታ ክፍሏን ቤተ ሙከራ አደረገችው። የስፌት መርፌ ሞርዳ ቢላዋ ሠራች፤ ከሰዓት ሠሪ ወረንጦ፣ ከዓይን ሐኪም መቀስ አገኘች። የምትመረምረው ነገር የዶሮ እንቁላል ነበር፤ በጦርነት ጊዜም ቢሆን ከገበሬ ይገኛል። ቱሪን በቦምብ ስትደበደብ ቤተሰቡ ወደ ገጠር ሸሸ፤ እሷም በብስክሌት እየዞረች ለልጆቿ እንደሆነ ተናግራ እንቁላል ትገዛ ነበር። ልጅ አልነበራትም።

በእንቁላሉ ውስጥ የምትፈልገው ነገር ከጡንቻ ጋር በቀጥታ ይያያዛል። ቪክቶር ሃምበርገር የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1934 ባሳተመው ጥናት፣ ገና ቡቃያ የሆነውን የጫጩት ክንፍ ቆርጦ ሲያስወግድ ክንፉን ያንቀሳቅሱ የነበሩት የነርቭ ሕዋሳት ቁጥር እንደሚቀንስ አሳይቷል። ክንፉ ስለሌለ ነርቮቹ ሳይፈጠሩ ቀሩ ብሎ ነበር የተረዳው። ሪታ በየጊዜው የተወሰዱ ቀጫጭን ቁራጮችን እየቀባች ቆጠረችና ሌላ ነገር አየች። ነርቮቹ ተፈጥረዋል፤ ክራቸውንም ዘርግተው መንገድ ጀምረዋል፤ ከዚያ ሞተዋል። የሚደርሱበት ቤት አልነበረምና። ከክንፉ፣ ከጡንቻውና ከቆዳው፣ ነርቮቹን በሕይወት የሚያቆይ አንድ ነገር ይመጣል ማለት ነው። ያ ነገር ምን ነው?

መልሱ ዓመታት ፈጀ። ሃምበርገር በ1947 ወደ አሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ጠራት፤ ለአንድ ወሰነ ትምህርት ሄዳ 30 ዓመት ያህል ሠራች። ባዮኬሚስቱ ስታንሊ ኮኸን ተጨመረና ነርቭ አሳዳጊው ፕሮቲን መጀመሪያ ከእባብ መርዝ፣ ቀጥሎ ከአይጥ ምራቅ እጢ ተጣርቶ ወጣ። ኮኸን በዚያው ሥራ ላይ ሳለ አዲስ የተወለዱ አይጦች ዓይናቸውን ከጊዜው ቀድመው ሲገልጡ አይቶ ሁለተኛውን፣ የቆዳ ሕዋስ የሚያሳድገውን ፕሮቲን አገኘ። በ1986 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ። ሪታ ከመንታ እህቷ ከፓዎላ ጋር በ1992 ያቋቋመችው ድርጅት አፍሪካውያን ሴቶች እንዲማሩ ደግፏል። በ2012 መጨረሻ ስታርፍ 103 ዓመቷ ነበር። የካዛንቺስን ቤቶች ያሠራው አገዛዝ ከሥራ ያባረራት ሴት ገንዘቧን ለአፍሪካ ልጃገረዶች ትምህርት ማዋሏን ሳስብ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ወደ ጡንቻው እንመለስ። የክንዳችን ጡንቻ ክንዳችን ላይ አልተወለደም። ጽንሱ ገና ጥቂት ሳምንታት ሳለው በጀርባው ግራና ቀኝ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ የተደረደሩ ጉብታዎች ይታያሉ። የእጅና የእግር ጡንቻ የሚሆኑት ሕዋሳት ከእነዚያ ጉብታዎች ተነሥተው ይሰደዳሉ። ይህ የታወቀው የድርጭትን ጽንስ ጉብታ በጫጩት ላይ በመትከል ነው። የድርጭት ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ከዶሮው ስለሚለይ፣ በኋላ የጫጩቱ ክንፍ ውስጥ የድርጭት ጡንቻ ተገኘ።

ስደተኞቹን የሚጠራቸው ማን ነው? የሚበቅለው ክንድ ራሱ ነው። በክንዱ ቡቃያ ውስጥ ያሉ ሕዋሳት አንድ ፕሮቲን ይለቅቃሉ። ፕሮቲኑ መጀመሪያ የታወቀው ጉበትን በማሳደግ ስለነበር ስሙም የጉበት አሳዳጊ ነው፤ በአጭሩ ኤች.ጂ.ኤፍ. ይባላል። ይህን ስም አንባቢ ይያዝልኝ፣ እንመለስበታለን። በ1995 የታተመ ጥናት የዚህን ፕሮቲን ተቀባይ ያጡ አይጦችን ጽንስ መረመረ። እጅና እግር ነበራቸው፤ አጥንቱ ቦታው ላይ ነው። ጡንቻ ግን አንድም አልነበረበትም። ጥሪው ተላልፎ ነበር፣ ሰሚ ግን አልነበረም።

አሳዳጊዎቹ በምን ቋንቋ እንደሚናገሩ በዝርዝር የተማርነው ግን ከጽንስ ይልቅ ከቤተ ሙከራ ሳሕን ነው። በ1977 በእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ዴቪድ ያፌና ኦራ ሳክሰል ጭኗ ላይ ጡንቻዋ ከተጨፈለቀ አይጥ፣ ጉዳቱ በደረሰ በ70ኛው ሰዓት፣ ሕዋሳት ወሰዱ። የእነዚያ ሕዋሳት ልጆች ዛሬም በዓለም ቤተ ሙከራዎች ይረባሉ፤ በጣም የሚታወቀው ዘር ሲ2ሲ12 ይባላል። አያያዙ እንደ እርሾ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሳሕኑ በ37 ዲግሪ ሙቀት ይቀመጣል። በሚጠጡት ፈሳሽ ውስጥ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆነው ሴረም፣ ማለትም የደም ውኃ፣ ከቄራ የሚመጣ የጥጃ ጽንስ ሴረም ነው፤ በአሳዳጊ ፕሮቲን የጠገበ። በዚህ ጥጋብ ሕዋሳቱ መባዛት እንጂ ሌላ አያውቁም። ሳሕኑን ሞልተው ጎንና ጎናቸው ሲነካካ ተመራማሪዋ ፈሳሹን ትቀይርና 2 በመቶ ብቻ የፈረስ ሴረም ያለበት ትሰጣቸዋለች። ራባቸው። መባዛት ያቆማሉ፣ ይሰለፋሉ፣ ይዋሐዳሉ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሳሕኑ በረጃጅም ክሮች ይሸፈናል፤ አንዳንዱም በራሱ ይኮማተራል። ነርቭ የለ፣ አጥንት የለ፣ ብርጭቆ መሰል ፕላስቲክ ላይ የተኛ ሥጋ ይንቀጠቀጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። አሳዳጊ ሲባል «በበዛ ቁጥር ጡንቻ ይበዛል» ብለን እናስባለን። ሳሕኑ ተቃራኒውን ይናገራል። የፋይብሮብላስት አሳዳጊ የሚባለው ፕሮቲን በሞላበት ጡንቻ አይወለድም፤ ሕዋሱ ልጅ ሆኖ ይቀራል። ጡንቻ የሚወለደው አሳዳጊው ፈቀቅ ሲል ነው። ኢንሱሊን መሰል አሳዳጊ የሚባለው ፕሮቲን ግን (አይ.ጂ.ኤፍ.-1 እንለዋለን) ሁለቱንም ያደርጋል፤ መጀመሪያ ያባዛል፣ ቆይቶ ያዋሕዳል። ያው ቃል ለሕዋሱ እንደ ዕድሜው ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። «ሂድ» የሚለው ቃል ለአምስት ዓመት ልጅና ለሃያ ዓመት ጎረምሳ አንድ አይደለም።

ዘረመልስ የት ሄደ? በ1987 በሲያትል የሃሮልድ ዋይንትራብ ቡድን ማዮዲ የሚባል አንድ ዘረመል አገኘ። ይህን ዘረመል በተራ የቆዳ ዘመድ ሕዋስ ውስጥ ሲያነቁት ሕዋሱ ጡንቻ ሆነ። ግኝቱ ትልቅ ነበር፤ አዛዡ ተገኘ ተባለ። ይሁንና ሕዋሱ ማዮዲን እየያዘ እንኳ በጠገበ ፈሳሽ ውስጥ ከሆነ ትእዛዙ አይፈጸምም። አዛዡ የውጭውን ወሬ ሳይሰማ አያዝም።

ወሬው ደግሞ በፕሮቲን ብቻ አይመጣም። በ2010 በስታንፎርድ የሄለን ብላው ቡድን ጡንቻን የሚጠግኑ ሕዋሳትን ሁለት ቦታ አሳደገ፦ እንደተለመደው በደረቅ ፕላስቲክ ላይ፣ እንዲሁም እንደ ጡንቻ በሚለሰልስ ጄል ላይ። ምግቡ አንድ ነው። ደረቁ ላይ ያደጉት የመጠገን ችሎታቸውን በቶሎ አጡ፤ ለስላሳው ላይ ያሉት አላጡም። ይህን ጥናት እንደገና ያነበብኩት በ2017 ዓ.ም. አሮጌው ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ ነዋሪው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ሲወጣ ባየሁበት ሰሞን ነበር። ከቦታ ቦታ የሚጫነው ሰው ነው፤ ምግቡም አብሮት ይሄዳል። የቡና ጎረቤቱ፣ እድሩ፣ ልጁን የሚቆጣለት ደጃፍ ግን አይጫንም። ሰው ሕዋስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ሁለቱን ነገሮች በአንድ ሰሞን ያየ ሰው ለያይቶ ማሰብ ይቸግረዋል።

አሁን የሚቆጣው አሳዳጊ ዘንድ ደረስን። በ1997 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አሌክሳንድራ ማክፈሮንና ሴ-ጂን ሊ ከባልደረባቸው ጋር አንድ ዘረመል ያጠፉባቸውን አይጦች ይፋ አደረጉ። የአይጦቹ ጡንቻ ከእኩዮቻቸው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይመዝን ነበር። የጠፋው ፕሮቲን ማዮስታቲን ተባለ። ጡንቻ ራሱ አመንጭቶ ለራሱ የሚናገረው «በቃ» ነው። ወዲያው የቤልጅግ ሰማያዊ የሚባለው የከብት ዝርያ ምሥጢር ተገለጠ። ከሽንጡ እስከ ታፋው እንደ ተነፋ ከረጢት የሚያብጠው ይህ በሬ በማዮስታቲን ዘረመሉ ላይ 11 የዲ.ኤን.ኤ. ፊደላት ተዘልለውበታል። ለካዛንቺስ ቆራጭ ሕልም ይመስላል። ላሚቱን ብትጠይቋት ግን ሌላ ነው፤ ጥጃው ከመወፈሩ የተነሣ ብዙ ጊዜ የሚወለደው በቀዶ ጥገና ነው። የእኛ ቦረናና ሐረር ከብቶች «በቃ» የሚለውን ቃል ይሰማሉ፤ ስለዚህም ሩቅ ይሄዳሉ፣ ያርሳሉ፣ በራሳቸው ይወልዳሉ።

በሰው ላይም ታይቷል። በ2004 የጀርመን ሐኪሞች ሁለቱም የማዮስታቲን ዘረመሎቹ የተበላሹበትን ልጅ ታሪክ አሳተሙ። ገና አራት ዓመት ተኩል ሳለ በሁለት እጁ ሦስት ሦስት ኪሎ ክብደት ዘርግቶ መያዝ ይችል ነበር። ጡንቻቸው እየመነመነ ለሚሄድ ሕሙማን ይህ ታላቅ ተስፋ ሆነ፤ ማዮስታቲንን የሚያፍኑ መድኃኒቶች ተሞከሩ። ዱሼን የሚባለው የልጆች የጡንቻ በሽታ ላይ እስካሁን የተጠበቀውን ያህል አልጠቀሙም። ከልካዩን ዝም ማሰኘት የተሰበረውን ክር አይጠግነውም።

ከሁሉ በላይ ለእኛ የሚቀርበው ግን አይ.ጂ.ኤፍ.-1 ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1957፣ ያችው ሴንት ሉዊስ፣ ያው ሪታ የምትሠራበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሳልመንና ዶሄዴይ የሚባሉ ተመራማሪዎች የዕድገት ሆርሞን የ‹ለምለም አጥንት›ን ቁራጭ በቀጥታ ሲነካው እምብዛም እንደማያሳድገው፣ ሆርሞኑን የተወጋ አይጥ ሴረም ግን እንደሚያሳድገው አዩ። በመሐል ሌላ ተላላኪ አለ ማለት ነው። ከአንጎል ሥር ያለችው እጢ ሆርሞኑን ትልካለች፣ ጉበት ይሰማል፣ ከዚያ አይ.ጂ.ኤፍ.-1 ይሠራና በደም ይበትነዋል። ጉበት ግን እንደ ታዘዘ ብቻ አይሠራም፤ አስቀድሞ ጓዳውን ያያል። ምግብ፣ በተለይ ፕሮቲን፣ ከሌለ ሆርሞኑ ቢጮህም አይሰማም። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ደም ውስጥ የሚገኘውም ይኸው ነው፦ የዕድገት ሆርሞኑ ከፍ ያለ፣ አይ.ጂ.ኤፍ.-1 ዝቅ ያለ። እጢዋ «እደግ» ትላለች፣ ጉበት «በምን?» ይላል።

አይ.ጂ.ኤፍ.-1 ሲጠፋ ጡንቻ ማደጉን ማቆም ብቻ ሳይሆን ራሱን ያፈርሳል። ፕሮቲኖቹን የሚበትን መቁረጫ ከውስጥ ይነሣና ሥጋው ለልብና ለአንጎል ቀለብ ይሆናል። ጡንቻ የሰውነት ጎተራ ነው። አዋቂ ጎተራውን ከፍቶ በልቶ ክረምቱን ያልፋል፤ በኋላም ይሞላዋል። ሕፃን ግን ገና ጎተራውን እየሠራ ነው።

ካዛንቺስ ያለበት ክፍለ ከተማ ስም የተወሰደበት ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነት ሲቀበል የ3 ዓመት ሕፃን ነበር። ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲሳለሙ ባየሁ ቁጥር ያ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ሐኪሞች የመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት የሚሉት ጊዜ፣ ከጽንሰት እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያለው፣ በዚያ ዕድሜ አልፏል። በኢትዮጵያ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 58 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ ወደ 38፣ በ2019 ወደ 37 በመቶ ወረደ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን በ2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። መቀንጨር በቁመት ይለካል እንጂ ቁመት ብቻ አይደለም። የጡንቻ ክሮቻችን ቁጥር በአብዛኛው የሚወሰነው ገና በማሕፀን ነው፤ ከተወለድን በኋላ ክሩ ይወፍራል፣ ይረዝማል እንጂ እምብዛም አይጨመርም። ባለጌ ስናይ «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። ይህ አባባል በእውነት የሚገባው ለነዚህ ልጆች ሕዋስ ነው፤ ጥፋቱ የልጆቹ አይደለም፣ የእናቶቹም አይደለም።

አንድ የአይጥ ሙከራ እዚህ ላይ መጨመር አለበት። በ1999 ሁለት ቡድኖች ጉበታቸው አይ.ጂ.ኤፍ.-1 እንዳይሠራ የተደረጉ አይጦችን አሳደጉ። በደማቸው የሚዞረው መጠን ከሩብ አልበለጠም። አይጦቹ ግን ከሞላ ጎደል እንደ ሌላው አደጉ። ጡንቻውና አጥንቱ የየራሳቸውን አይ.ጂ.ኤፍ.-1 ለጎረቤታቸው ይሠራሉና። ከሩቅ በደም ከሚመጣው ይልቅ ከአጠገብ የሚነገረው ይበልጥ ይሰማል።

ይህ እውቀት ገበያም አለው። በ1998 የፔንሲልቬንያው ሊ ስዊኒ አይ.ጂ.ኤፍ.-1 የሚሠራ ዘረመል በቫይረስ ጭኖ አይጥ ጡንቻ ውስጥ አስገባ። ያረጁት አይጦች ጡንቻ ካልተወጋው ጓዳቸው በ27 በመቶ በረታ። የስዊኒ ሐሳብ ስለ አዛውንቶችና ስለ ሕሙማን ነበር፤ ስልክ የደወሉለት ግን ስፖርተኞችና አሠልጣኞች ናቸው። ዛሬ አይ.ጂ.ኤፍ.-1፣ ኤች.ጂ.ኤፍ.፣ ማዮስታቲንን የሚያፍኑ መድኃኒቶችም ጭምር በዓለም አቀፉ ጸረ-አበረታች ቅመሞች ኤጀንሲ የክልከላ ዝርዝር ውስጥ አሉ። አገራችን አትሌቶቿን የምትወድ አገር ናትና ይህን በግልጽ መናገር ይገባናል። መባዛትን የሚያዝ ቃል በመርፌ ሲገባ የሚሰማው ጡንቻ ብቻ አይደለም፤ ካንሰር ሊሆን የተዘጋጀ ሕዋስም ጆሮ አለው።

ጡንቻን በራሱ ጎረቤቶች ቃል ለማነጋገር መርፌ አያስፈልግም። ጎህ ሲቀድ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ የሚወጡ የሚወርዱትን ማየት ይበቃል። አዲስ የጀመረ ሰው በማግስቱ፣ ይብሱን በሁለተኛው ቀን፣ ጭኑን ያመዋል። ሕመሙን ያመጣበት ሲወጣ የነበረው ልፋት ይመስለዋል፤ የበለጠ የጎዳው ግን መውረዱ ነው። ስንወርድ ጡንቻው እየተኮማተረ ይለጠጣልና ክሩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ይፈጠራሉ።

እዚያ የተኛ አለ። በ1961 አሌክሳንደር ማውሮ የእንቁራሪት ጡንቻ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመለከት በክሩና ክሩን በሸፈነው ስስ ልባስ መካከል ተጣብቆ የተቀመጠ ትንሽ ሕዋስ አየ። ጎን የሚሄድ አጃቢ ስለመሰለው ሳተላይት ሕዋስ አለው። ከጽንስ ጀምሮ ሳይዋሐድ የቀረው፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠው ዘር እሱ ነው። ለዓመታት ሊተኛ ይችላል። ያረጀ አይጥ ጡንቻ ወደ ወጣት አይጥ ሲዛወር እንደ ወጣት እንደሚያገግም በ1989 የታየ በመሆኑም፣ ከዘሩ እርጅና ይልቅ የዙሪያው ዝምታ እንደሚበረታበት እናውቃለን።

ደረጃውን የወረደው ሰው ጭን ሲለጠጥ፣ በልባሱ ውስጥ ተጠምዶ የቆየው ኤች.ጂ.ኤፍ. ይለቀቃል። ያ በጽንስነት ሕዋሳቱን ወደ ክንድና ወደ እግር የጠራው ፕሮቲን ነው። የተኛው ሕዋስ ይሰማውና ይነቃል። የፋይብሮብላስት አሳዳጊው ያባዛዋል፣ አይ.ጂ.ኤፍ.-1 ይደርሳል፣ ማዮስታቲን ልክ ያበጃል። ከሚወለዱት ሕዋሳት አንዱ ወደ ተሰነጠቀው ክር ተጠግቶ ግድግዳውን ያፈርስና ይዋሐዳል፤ ኒውክለሱን ለክሩ ይሰጣል። ሌላው አይዋሐድም። ወደ ልባሱ ሥር ይመለስና እናቱ ከተኛችበት ቦታ ይተኛል።